ቡድኑ ምን አጣ፣ ምንስ አገኘ? በቤዝቦል የነጻ ተጫዋች ካሳ የድራፍት ምርጫን እንዴት እንደሚለውጥ ራስዎ የሚያሰሉበት መመሪያ

በእግር ኳስ ውሉን የጨረሰ ኮከብ ወደ ሌላ ክለብ ሲሄድ የቀድሞ ክለቡ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይቀራል። በአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል ግን ደንቡ ሌላ ነው። ከፍ ያለ ግምት የተሰጠው ተጫዋች ውሉን ጨርሶ ሲሄድ፣ የለቀቀው ቡድን በሚቀጥለው ድራፍት ላይ ተጨማሪ ምርጫ ሊሰጠው ይችላል፤ ያስፈረመው ቡድን ደግሞ ከራሱ ምርጫዎች አንዱን ወይም ሁለቱን፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ በላይ ያጣል። ድራፍት ቡድኖች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና ከኮሌጅ የሚመጡ ወጣቶችን በየተራ የሚመርጡበት ዓመታዊ ሥርዓት ሲሆን፣ ከ2021 ጀምሮ 20 ዙር አለው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ በምኖርበት በቱሉ ዲምቱ ቤዝቦል የሚከታተሉ ወጣቶች ናቸው። ብዙዎቹ በዋሽንግተን፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ዘመድ ስላላቸው ልባቸው ከዋሽንግተን ናሽናልስ ጋር ነው። እዚያ አመሻሹ ላይ የሚጀመር ጨዋታ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ስለሚሆን፣ ውጤቱን ጠዋት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው በስልካቸው ያነባሉ። የጨዋታው ሕግ አያስቸግራቸውም። የሚያደናግራቸው የውድድር ዘመኑ ካለቀ በኋላ የሚመጣው ዜና ነው፤ አንዱ ቡድን ሁለተኛና አምስተኛ ምርጫውን ማጣቱ፣ ሌላው ከአራተኛው ዙር በኋላ ምርጫ ማግኘቱ ይነገራቸዋል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይነገራቸውም። አብዛኛው ሰው መልሱን በተጫዋቹ ዝና ወይም በፈረመበት ገንዘብ ውስጥ ይፈልጋል። እኔ የማምነው ግን መልሱ በዋናነት ያለው ሁለቱ ቡድኖች በሊጉ የገንዘብ ሥርዓት ውስጥ በያዙት ቦታ ላይ መሆኑን ነው፤ ያንን ለይቶ ያወቀ ሰው የቀረውን በእርሳስና በወረቀት ሊያወጣው ይችላል።

መጀመሪያ፦ ተጫዋቹ ካሳ የሚያስከትል ነው ወይ?

ነጻ ተጫዋች ሁሉ ካሳ አያስከትልም። በሜጀር ሊግ የስድስት ዓመት አገልግሎት የሞላውና ውሉ ያለቀ ተጫዋች ነጻ ይሆናል፤ ካሳ የሚኖረው ግን የቀድሞ ቡድኑ ኳሊፋይንግ ኦፈር የተባለውን የአንድ ዓመት ውል አቅርቦለት እርሱ አልቀበልም ሲል ብቻ ነው። ስለዚህ ስሌቱ የሚጀምረው ኦፈሩ ቀርቦለት እንደነበር ከማጣራት ነው። ካልቀረበለት ወረቀቱን ማጠፍ ይቻላል፤ ምርጫ የሚያጣም የሚያገኝም ቡድን የለም።

የኦፈሩ መጠን በድርድር አይወሰንም። የሊጉ 125 ከፍተኛ ተከፋዮች ደመወዝ አማካይ ሲሆን ለሁሉም ተጫዋች እኩል ነው። ሥርዓቱ ሥራ ላይ በዋለበት በ2012 መጠኑ 13.3 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2025 ደግሞ 22.025 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል። ቡድኑ ኦፈሩን የሚያቀርበው ዎርልድ ሲሪስ የተባለው የፍጻሜ ውድድር ባበቃ በአምስት ቀናት ውስጥ ነው። ተጫዋቹ ደግሞ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ድረስ አስቦ መልሱን ይሰጣል። የመልሱ ማብቂያ በኒውዮርክ ሰዓት ከቀትር በኋላ በመሆኑ በእኛ እኩለ ሌሊት ላይ ይወድቃል፤ የተሟላውን ዝርዝር ለማየት በማግሥቱ ጠዋት መክፈት ይበቃል።

ኦፈሩን የተቀበለ ተጫዋች ለአንድ ዓመት ከቡድኑ ጋር ስለሚቆይ የካሳ ጉዳይ እዚያው ላይ ይዘጋል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት የተቀበለ አንድም ተጫዋች አልነበረም። በ2015 ኮልቢ ራስመስ፣ ብሬት አንደርሰንና ማት ዊተርስ የመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች ሆኑ፤ በ2025 ደግሞ ትሬንት ግሪሻም፣ ግሌይበር ቶሬስ፣ ብራንደን ውድረፍና ሾታ ኢማናጋ ተቀብለዋል። ይህ ለቡድኖች ቀላል ውሳኔ አይደለም። ቡድኑ እምቢ ይለኛል ብሎ ምርጫ ለማግኘት ያቀረበውን ኦፈር ተጫዋቹ እሺ ካለው፣ ቡድኑ ያላቀደው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደመወዝ ዕዳ ሆኖ ይመጣበታል። መካከለኛ ችሎታ ላላቸው ተጫዋቾች ኦፈር የማይቀርበውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ኦፈሩን ለማቅረብ ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው፤ ዜና አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እነርሱን ሲዘነጋ ነው። የመጀመሪያው፣ አንድ ተጫዋች ኳሊፋይንግ ኦፈር የሚቀርብለት በዕድሜ ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። ፒት አሎንሶ በ2024 ከኒውዮርክ ሜትስ ኦፈር ቀርቦለት አልቀበልም አለ፣ በኋላም ከዚያው ቡድን ጋር ፈረመ። በ2025 መጨረሻ እንደገና ነጻ ሆኖ ከባልቲሞር ኦሪዮልስ ጋር በአምስት ዓመት 155 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ግን ኦፈር ሊቀርብለት ስለማይችል ኦሪዮልስ ምንም ምርጫ አላጣም፣ ሜትስም ምንም አላገኘም። ሁለተኛው ሁኔታ ተጫዋቹ የውድድር ዘመኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቡድን ማሳለፍ ያለበት መሆኑ ነው። ዩጄንዮ ስዋሬዝ በጁላይ 2025 ከአሪዞና ወደ ሲያትል ተዘዋወረ፤ በዓመቱ 49 ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር በላይ የሚያሳልፍ ምት) የመታ ሰው ሆኖ ሳለ ሲያትል ኦፈር ሊያቀርብለት አልቻለም። በጁላይ መጨረሻ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል ቡድኖች የሚጨነቁት በዚህ ነው፤ ተጫዋቹን አሁን ሸጦ ወጣቶችን መቀበል ይሻላል ወይስ እስከ መጨረሻው ይዞ የድራፍት ምርጫውን መጠበቅ?

ከውጭ ሊጎች የሚመጡ ተጫዋቾችም ከዚህ ደንብ ውጭ ናቸው። በ2023 መጨረሻ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ሾሄይ ኦታኒንና ዮሺኖቡ ያማሞቶን በአንድ ወር ውስጥ አስፈረመ። ኦታኒ ከኤንጀልስ ኦፈር ቀርቦለት ስለነበር ለእርሱ የድራፍት ምርጫ ተከፍሏል። ለያማሞቶ ግን በ325 ሚሊዮን ዶላር ቢፈርምም አንድም ምርጫ አልተከፈለም፤ የቀድሞ ቡድኑ የጃፓኑ ኦሪክስ ድርሻውን ያገኘው በገንዘብ ነው።

ቀጥሎ፦ ሁለቱን ቡድኖች በየክፍላቸው ያስቀምጡ

ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ በሦስት ክፍሎች ላይ የቆመ ነው። አንደኛው ክፍል የግብር ከፋዮች ነው፤ ባለፈው የውድድር ዘመን አጠቃላይ የደመወዝ ወጪያቸው የላክሸሪ ታክስ ጣሪያን፣ ማለትም ሊጉ ከዚያ በላይ ያወጣን ቡድን ግብር የሚያስከፍልበትን ወሰን፣ ያለፈ ቡድኖች እዚህ ይገባሉ። ጣሪያው በ2023 233 ሚሊዮን፣ በ2024 237 ሚሊዮን፣ በ2025 241 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሊጉ ከሀብታም ቡድኖች ሰብስቦ ለአነስተኛ ገበያ ቡድኖች ከሚያከፋፍለው የጋራ ገቢ ድጎማ የሚቀበሉት ናቸው። ሦስተኛው ክፍል ግብሩንም ያልከፈሉ፣ ድጎማውንም የማይቀበሉ መካከለኛ ቡድኖች ናቸው።

እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው፣ የሚቆጠረው ተጫዋቹ የሚፈርምበት መጪው ዓመት ሳይሆን ያለቀው የውድድር ዘመን መሆኑን ነው። አንድ ቡድን በዲሴምበር ገንዘብ እንደ ውሃ ቢያፈስ እንኳ ባለፈው ዓመት ከጣሪያው በታች ከነበረ፣ ለዚያ ዓመት ስሌት ግብር ከፋይ አይባልም። በተቃራኒው ባለፈው ዓመት ጣሪያውን ያለፈ ቡድን አሁን ወጪውን ቢቀንስም ከቅጣቱ አያመልጥም።

ያስፈረመው ቡድን የሚያጣው

የቡድኑ ከፍተኛ ምርጫ፣ ማለትም መጀመሪያ የሚደርሰው ተራ፣ በዚህ ደንብ አይነካም። ብዙ ሰው ሀብታም ቡድን ኮከብ ሲያስፈርም የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ያጣል ብሎ የሚያስበው ከ2012 እስከ 2016 የነበረው ደንብ በአእምሮው ቀርቶ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ቦታዎች ውጭ ያለ የመጀመሪያ ዙር ምርጫ በእርግጥ ይታጣ ነበር።

አሁን ባለው ደንብ ድጎማ ተቀባይ ቡድን ሦስተኛ ከፍተኛ ምርጫውን ብቻ ያጣል። መካከለኛ ቡድን ሁለተኛ ከፍተኛ ምርጫውን ያጣል፤ ከውጭ አገር ታዳጊዎችን ለማስፈረም ከሚፈቀድለት ገንዘብም 500,000 ዶላር ይቀነስበታል። ግብር ከፋይ ቡድን ሁለተኛና አምስተኛ ከፍተኛ ምርጫዎቹን ያጣል፣ ከውጭ አገር በጀቱም 1 ሚሊዮን ዶላር ይቀነሳል። ይህ በጀት ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከቬኔዝዌላና ከመሰል አገሮች የሚመጡ ታዳጊዎች የሚፈርሙበት ሲሆን ለአንድ ቡድን በአጠቃላይ ጥቂት ሚሊዮን ዶላር ብቻ ስለሆነ ቅናሹ ቀላል አይደለም። በዚያው ወቅት ሁለተኛ እንዲህ ያለ ተጫዋች ካስፈረሙ ቅጣቱ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይቀጥላል፤ ድጎማ ተቀባዩ አራተኛውን፣ መካከለኛው ሦስተኛውን፣ ግብር ከፋዩ ደግሞ ሦስተኛውንና ስድስተኛውን ይጨምራል።

በ2025 ድራፍት የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ሁኔታ ይህን በግልጽ ያሳያል። ቡድኑ አንቶኒ ሳንታንደርን ከባልቲሞር በ92.5 ሚሊዮን ዶላር በማስፈረሙ 8ኛ ሆኖ ከመረጠ በኋላ በሁለተኛው ዙር ምርጫ አልነበረውም፤ ቀጣዩ ተራው 81ኛ ላይ ነበር። በመካከል የተመረጡትን ከሰባ በላይ ወጣቶች ቆሞ ማየት ነበረበት ማለት ነው።

የራሱን ተጫዋች መልሶ የሚያስፈርም ቡድን ምንም አያጣም፣ ምንም አያገኝም። ሾን ማናያ በ2024 የሜትስን ኦፈር አልቀበልም ብሎ ከዚያው ከሜትስ ጋር በሦስት ዓመት 75 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም የድራፍቱ ሰልፍ አልተንቀሳቀሰም።

የለቀቀው ቡድን የሚያገኘው

እዚህ ላይ የፊርማው ገንዘብ ይቆጠራል፣ ግን ለአንዱ ክፍል ብቻ። ድጎማ ተቀባይ ቡድን ተጫዋቹ በ50 ሚሊዮን ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከፈረመ ከመጀመሪያው ዙር ቀጥሎ ምርጫ ይሰጠዋል። ከ50 ሚሊዮን በታች ከሆነ ምርጫው ከሁለተኛው ዙር በኋላ፣ ከሦስተኛው ዙር በፊት ይመጣል። መካከለኛ ቡድን ተጫዋቹ በስንትም ይፈርም፣ ያው ከሦስተኛው ዙር በፊት ያለውን ቦታ ያገኛል። ግብር ከፋይ ቡድን ደግሞ ከአራተኛው ዙር በኋላ ይጠብቃል።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መካከል ኮምፔቲቲቭ ባላንስ ቢ የሚባል አጭር ዙር ስላለ፣ የካሳው ምርጫ በትክክል የሚቀመጠው ከእርሱ ቀጥሎ ነው። ተመሳሳዩ ዙር ኤ ደግሞ ከመጀመሪያው ዙርና ከዚያ ከሚከተሉት የካሳ ምርጫዎች በኋላ ይመጣል። እነዚህ አጫጭር ዙሮች ለአነስተኛ ገበያ ቡድኖች የተሰጡ ሲሆን ከነጻ ተጫዋች ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ስማቸው እዚህ የተነሳው ዝርዝሩን ሲያነቡ እንዳያደናግርዎ ነው።

ከባልቲሞር ሁለት ኮከቦች በአንድ ወቅት ሲሄዱ የሆነውን ይመልከቱ። ኮርቢን በርንስ በ210 ሚሊዮን ዶላር ወደ አሪዞና፣ ሳንታንደር ደግሞ ከላይ እንደተጠቀሰው ወደ ቶሮንቶ ሄዱ። ባልቲሞር ድጎማ ተቀባይ ስለሆነና ሁለቱም ከ50 ሚሊዮን በላይ ስለፈረሙ በ2025 ድራፍት 30ኛውንና 31ኛውን ምርጫ አገኘ። በዚያው ወቅት ኒውዮርክ ያንኪስ ሁዋን ሶቶን አጣ። ሶቶ ከሜትስ ጋር የፈረመው በ15 ዓመት 765 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ሆኖም ያንኪስ ግብር ከፋይ ስለነበረ የተሰጠው ከአራተኛው ዙር በኋላ ያለ ምርጫ ብቻ ነው። የ92.5 ሚሊዮን ዶላር ተጫዋች ያጣ ቡድን 31ኛ ሲመርጥ፣ የ765 ሚሊዮን ዶላር ተጫዋች ያጣው ከመቶኛው ተራ በኋላ መረጠ። በእኔ አስተያየት ይህ ፍትሐዊ ነው፤ ደንቡ የተሠራው የተጫዋቹን ዋጋ ለመመለስ ሳይሆን ኮከቡን ይዞ ለመቆየት አቅም ያነሰውን ቡድን ለመደገፍ ነውና።

የናሽናልስ ሁለት ዓመት በአንድ ገጽ

አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ሁላችንም ታክሲ ተራው አጠገብ ባለችው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ ከወጣቶቹ አንዱ “ጋሼ፣ ሃርፐርም ሬንዶንም ከእኛው ቡድን ነው የሄዱት፤ ካሳው ለምን ተለያየ?” ብሎ ጠየቀኝ። የሒሳብ ደብተሩን አስወጥቼው አንድ ገጽ ላይ በማስመሪያ አራት ዓምድ አሰመርን። በመጀመሪያው ዓምድ የተጫዋቹን ስም፣ በሁለተኛው የለቀቀውን ቡድንና ክፍሉን፣ በሦስተኛው ያስፈረመውን ቡድንና ክፍሉን ጻፍን፤ አራተኛውን ውጤቱን ለመጻፍ ባዶ ተውነው። የስልክ ባትሪ እያበራልን የሞላነው የሚከተለውን ነው፤ እርስዎም በዚሁ መልክ ቢሠሩት ይረዳዎታል።

ብራይስ ሃርፐር በ2018 መጨረሻ የናሽናልስን ኦፈር አልቀበልም ብሎ ከፊላዴልፊያ ፊሊስ ጋር በ13 ዓመት 330 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ናሽናልስ በ2018 የላክሸሪ ታክስ ጣሪያውን አልፎ ስለነበር ግብር ከፋይ ተብሎ ተጻፈ፣ ያገኘውም ከአራተኛው ዙር በኋላ ያለ ምርጫ ነበር። ፊሊስ መካከለኛ ስለነበረ ሁለተኛ ምርጫውን አጣ። ከፍተኛ ምርጫው ግን ስላልተነካ በ2019 14ኛ ሆኖ ብራይሰን ስቶትን መረጠ፤ ስቶት ዛሬ ከሃርፐር ጋር አብሮ ይጫወታል።

በዚያው ወቅት ናሽናልስ ራሱ ፓትሪክ ኮርቢንን ከአሪዞና በስድስት ዓመት 140 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመ። አሪዞና ድጎማ ተቀባይ ስለሆነ ከመጀመሪያው ዙር ቀጥሎ 33ኛውን ምርጫ አገኘ። ናሽናልስ ግን ግብር ከፋይ እንደመሆኑ ሁለተኛና አምስተኛ ምርጫውን ከ1 ሚሊዮን ዶላር የውጭ አገር በጀት ጋር አጣ። በ2019 ድራፍት 17ኛ ሆኖ ከመረጠ በኋላ እስከ 94ኛ ድረስ ተራ አልደረሰውም። ሰፈራችን ውስጥ ይህን እንደ ኪሳራ የሚያይ ብዙ ነው። እኔ ግን አልስማማም፤ በኦክቶበር 30፣ 2019 በሂውስተን በተደረገው የዎርልድ ሲሪስ ሰባተኛ ጨዋታ ኮርቢን ገብቶ ሦስት ኢኒንግ፣ ማለትም ከጨዋታው ዘጠኝ ክፍሎች ሦስቱን፣ ያለ ነጥብ ወረወረ፣ ናሽናልስም 6 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ፣ የአሸናፊነቱም ድል በእርሱ ስም ተመዘገበ። አንድ የሁለተኛ ዙር ምርጫ ያን ያህል የሚመልሰው ስንት ጊዜ ነው?

አንተኒ ሬንዶን የሄደው ከዚያ ዋንጫ በኋላ ነው፤ ከኤንጀልስ ጋር በሰባት ዓመት 245 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። ከሃርፐር በ85 ሚሊዮን ዶላር ያነሰ ውል ቢሆንም ናሽናልስ ያገኘው ምርጫ የተሻለ ነበር፤ ከሦስተኛው ዙር በፊት። ምክንያቱ በሁለተኛው ዓምድ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ በ2019 ናሽናልስ ከታክስ ጣሪያው በታች ስለቆየ ወደ መካከለኛው ክፍል ተሸጋግሯል። ያው ቡድን፣ ያው ደንብ፣ የተለየ ዓመት። ጠያቂው ልጅ መልሱን ራሱ ጽፎ ደብተሩን ዘጋ።

ጣሪያውን በጥቂቱ ማለፍና አለማለፍ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ኤንጀልስ በ2023 ያደረገው ይመሰክራል። ቡድኑ በኦገስት መጨረሻ ከፉክክር መውጣቱን ሲያውቅ ሉካስ ጆሊቶን፣ ማት ሙርን፣ ሬይናልዶ ሎፔዝንና ሌሎችንም ማንም ቡድን እንዲወስዳቸው አቀረበ። ዓላማው ደመወዛቸውን አራግፎ ከ233 ሚሊዮኑ በታች መግባት ነበር፣ ለጥቂትም ተሳካለት። ኦታኒ በ700 ሚሊዮን ዶላር ወደ ዶጀርስ ሲሄድ ኤንጀልስ በ2024 ድራፍት 74ኛውን ምርጫ አግኝቶ ራያን ጆንሰን የተባለ ወርዋሪ መረጠ፤ ጆንሰን በ2025 በታዳጊ ሊጎች አንድም ጨዋታ ሳያደርግ በቀጥታ ዋናውን ቡድን ተቀላቀለ። ጣሪያውን አልፎ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ከአራተኛው ዙር በኋላ ይሆን ነበር።

የታጣው ምርጫ ወደ ማን ይሄዳል?

ወደ ማንም አይሄድም። ያስፈረመው ቡድን ያጣው ተራ ከዝርዝሩ ይሰረዛል፣ ከኋላው ያሉትም አንድ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይጠጋሉ። የለቀቀው ቡድን የሚያገኘው ደግሞ አዲስ የተፈጠረ ተራ ሲሆን ከኋላው ያሉትን አንድ ቦታ ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። ሁለቱ የተለያዩ ሒሳቦች ናቸው፤ በደብተርዎም ላይ ለየብቻ ይጻፏቸው።

ጥንት እንዲህ አልነበረም። በ1981 በሰኔ ወር ተጀምሮ 713 ጨዋታዎችን ያሰረዘው የተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ ዋና መነሻው ይኸው የካሳ ጥያቄ ነበር፤ ባለቤቶቹ ለሄደባቸው ነጻ ተጫዋች በምትኩ ተጫዋች እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ከስምምነቱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የለቀቀው ቡድን ከሌሎች ቡድኖች ስብስብ ሰው መምረጥ ይችል ነበር፤ በ1984 መጀመሪያ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ዴኒስ ላምፕን ስላጣ ታላቁን ቶም ሲቨርን ከሜትስ ወሰደ። ላምፕ የሄደው ግን ወደ ሜትስ ሳይሆን ወደ ቶሮንቶ ነበር። በኋላ የመጣው ደንብ ደግሞ የአስፈራሚውን ምርጫ በቀጥታ ለለቀቀው ቡድን ያስተላልፍ ነበር። ያንኪስ በ2008 መጨረሻ ማርክ ቴሼራን ከኤንጀልስ ሲወስድ የ2009 የመጀመሪያ ዙር ምርጫው፣ 25ኛው፣ ወደ ኤንጀልስ አለፈ፤ ኤንጀልስም በዚያ ተራ ማይክ ትራውትን መረጠ። ያንኪስ በዚያው ወቅት ሲሲ ሳባቲያንም ስላስፈረመ የለቀቀው ሚልዋኪ ከያንኪስ ያገኘው የሁለተኛውን ዙር ምርጫ ብቻ ነው፤ ተጫዋቾች በስታቲስቲክስ በሚመደቡበት ደረጃ ቴሼራ ከሳባቲያ በልጦ በመገኘቱ ብቻ። የአንድ ቡድን ዕጣ በሌሎች ቡድኖች ሒሳብ የሚወሰንበት ያ አሠራር መቅረቱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከምርጫው ጋር የሚሄደውን ገንዘብ አይርሱ

ይህ ክፍል በዜና ውስጥ ብዙም አይነሳም፤ ለቡድኑ ግን ከተራው ባልተናነሰ የሚያመው ይህ ነው። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዙሮች ላሉ ምርጫዎች ሁሉ ሊጉ ለእያንዳንዱ ተራ የተተመነ ገንዘብ አለው። በ2025 ለአንደኛው ምርጫ የተተመነው ከ11 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ታች እየቀነሰ ይሄዳል። የአንድ ቡድን ተራዎች ትመና ሲደመር ወጣቶቹን ለማስፈረም የተፈቀደለት ጠቅላላ በጀት ይሆናል። ቡድኑ ያንን በጀት እንደ ፈለገ ሊያከፋፍል ይችላል፤ ለአንዱ ከትመናው ያነሰ ሰጥቶ የተረፈውን ኮሌጅ እገባለሁ እያለ የሚያንገራግር ጎበዝ ወጣት ለማባበል ሊያውለው ይችላል። በጀቱን እስከ 5 በመቶ ካለፈ ባለፈበት ላይ 75 በመቶ ግብር ይከፍላል፤ ከ5 በመቶ በላይ ከሄደ የወደፊት የመጀመሪያ ዙር ምርጫውን ጭምር ያጣል።

ስለዚህ ምርጫ ሲታጣ ትመናው አብሮ ከበጀቱ ይወጣል። ሁለተኛ ምርጫውን ያጣ ቡድን የሚቸገረው አንድ ወጣት ስለቀረበት ብቻ አይደለም፤ በቀሩት ተራዎች ላይ የመደራደር አቅሙም ይጠብባል። ምርጫ ያገኘ ቡድን ደግሞ በተቃራኒው በጀቱ ይሰፋለታል፤ ባልቲሞር 30ኛውንና 31ኛውን ሲያገኝ የሁለቱ ትመና በጠቅላላ በጀቱ ላይ ተጨምሮለታል። በአራተኛው ዓምድ ላይ ተራውን ስትጽፉ፣ አጠገቡ የዚያን ተራ ትመና መጻፍን ልማድ አድርጉት ብዬ የሰፈሬን ወጣቶች የምመክረው ለዚህ ነው።

ከዚህ ደንብ ጋር የሚምታታ ሌላ ቅጣት አለ፣ ለየብቻ ያስቀምጡት። የላክሸሪ ታክስ ጣሪያውን በ40 ሚሊዮን ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ ቡድን ነጻ ተጫዋች ባያስፈርም እንኳ ከፍተኛ ምርጫው አሥር ቦታ ወደ ኋላ ይገፋል። ሜትስ በ2025 ሁለቱም ደረሱበት፤ የመጀመሪያ ምርጫው 38ኛ ላይ የወደቀው በወጪው ምክንያት ሲሆን፣ ሁለተኛና አምስተኛ ምርጫዎቹ የጠፉት ግን በሶቶ ምክንያት ነው።

ጊዜውን ይጠብቁ

የካሳው ግዴታ ለዘላለም ከተጫዋቹ ጋር አይሄድም። ድራፍቱ ሲጀመር ይወድቃል። በ2019 ክሬግ ኪምብረልና ዳላስ ካይክል ኦፈራቸውን አልቀበልም ካሉ በኋላ ወራት ሙሉ ያለ ቡድን ቆዩ፤ ቡድኖች ምርጫ ላለማጣት ሲሉ እጃቸውን ሰብስበው ነበር። ድራፍቱ በጁን መጀመሪያ እንደተጀመረ ኪምብረል ከቺካጎ ከብስ፣ ካይክል ከአትላንታ ብሬቭስ ጋር በዚያው ሳምንት ፈረሙ፤ አስፈራሚዎቹም ምንም አላጡም፣ የቀድሞ ቡድኖቻቸው ቦስተንና ሂውስተንም ምንም አላገኙም። አሁን ድራፍቱ በጁላይ ስለሚደረግ እስከዚያ የሚጠብቅ ተጫዋች ከውድድር ዘመኑ ግማሹን ያጣል።

እዚህ የተዘረዘረው ሁሉ የቆመው በሊጉና በተጫዋቾቹ ማኅበር መካከል ባለው የጋራ ስምምነት ላይ ሲሆን፣ ስምምነቱ በዲሴምበር 1፣ 2026 ያበቃል። አዲስ ስምምነት ሲፈረም ደብተርዎን ከመክፈትዎ በፊት ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ኳሊፋይንግ ኦፈር መቀጠሉን፣ የ50 ሚሊዮን ዶላሩ መስመር መለወጥ አለመለወጡን፣ የላክሸሪ ታክስ ጣሪያውም ስንት ላይ እንደተቀመጠ። አራቱ ዓምዶች የሚሞሉት ከእነዚህ ቁጥሮች ነው።